የድንገተኛ የአየር መተላለፊያ አያያዝ ከየት መጣ? ለፈተና የምናጠናቸው እርምጃዎች ታሪክ

ለስፔሻሊቲ ፈተና የሚዘጋጅ ሐኪም «በሽተኛው መተንፈስ አቅቶታል፤ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ በቃል የተያዘ ዝርዝር ነው። አንገትን ማቃናት፣ አገጭን ማንሣት፣ ኦክሲጅን መስጠት፣ መድኃኒት መውጋት፣ ክሪኮይድን መጫን፣ ቱቦ ማስገባት፣ የቱቦውን ቦታ ማረጋገጥ፣ ሁሉም እንቢ ካለ በአንገት በኩል መክፈት። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በእኩል ድምፅ የሚነበቡት እነዚህ እርምጃዎች የተመሠረቱበት ማስረጃ እኩል አይደለም። አንዳንዱ በብዙ ሕሙማን ሞት የተገኘ ጽኑ ዕውቀት ነው። አንዳንዱ አንድ ሰው በጥቂት ሕሙማን ላይ ያየው ነገር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይመረመር የተላለፈ ነው። አንዱ ደግሞ በአንድ ታላቅ ሐኪም ቃል ለሃምሳ አምስት ዓመታት ታግዶ የኖረ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንን ልዩነት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉሮሮ መዘጋት ፍርሃት ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ይልቅ የቆየ ነው። በአገራችን እንጥል ማስቆረጥ ለብዙ ዘመን የኖረው እንጥሉ አብጦ ሕፃኑን ያንቀዋል ከሚል ሥጋት ነው። ልማዱ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን የሚዳርግ ጎጂ ልማድ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ከጀርባው ያለው ፍርሃት ግን ከንቱ አልነበረም። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አውሮፓና አሜሪካ ዲፍቴሪያ፣ በእኛ አጠራር ዘጊ አነዳ፣ ሕፃናትን በጅምላ ይገድል ነበር። ስሙ እንደሚለው ይዘጋል፤ በማንቁርት ላይ የሚጋገረው ሽፋን እየወፈረ ሕፃኑ በወላጆቹ ፊት ታፍኖ ይሞታል።

ፈረንሳዊው ፒየር ብሬቶኖ በ1825 በዚህ በሽታ የታፈነችን አንዲት ልጅ በትራኪዮስቶሚ አዳነ። ተማሪው አርማን ትሩሶ ይህንን ቀዶ ጥገና በፓሪስ አስፋፋው። ከአራት ሕፃናት አንዱን ያህል ማትረፉን በኩራት ይናገር ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን ያለ ቀዶ ጥገናው ከሚጠብቃቸው ጋር ሲነጻጸር ድል ነበር። የኋለኛው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1858 ኧዤን ቡሹ የተባለ የፓሪስ ሐኪም አንገትን ሳይቆርጡ ትንሽ የብረት ቱቦ በአፍ በኩል በማንቁርት ውስጥ የማኖር ዘዴ ለሕክምና አካዳሚው አቀረበ። ሐሳቡን የተቃወመው ራሱ ትሩሶ ነበር፤ አካዳሚውም የትሩሶን ወገን ያዘ። የቡሹ መሣሪያ ጉድለት ነበረበት፤ ውጤቱም የሚያስመካ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጉድለቱ የሚታረም ነበር፤ የታላቁ ሰው ተቃውሞ ግን ለማረሚያ የሚሆን ጊዜ አልሰጠም።

ሐሳቡን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ከሞት ያስነሣው አሜሪካዊው ጆሴፍ ኦድዋየር ነው። ኦድዋየር ይሠራ የነበረው በኒውዮርክ ተጥለው ለተገኙ ሕፃናት በቆመ ሆስፒታል ሲሆን፣ በዚያ ትራኪዮስቶሚ የተደረገላቸው የዲፍቴሪያ ሕሙማን ሲሞቱ ማየት አንገፍግፎት ነበር። ከ1880 ገደማ ጀምሮ ለዓመታት በሞቱ ሕፃናት ማንቁርት ላይ እየለካ፣ ለየዕድሜው የሚስማማ ቱቦ እየሠራ፣ እያስተካከለ ቆየ። ሥራውን በ1885 አሳተመ። ቱቦው የሚገባው ሳይታይ፣ በጣት ዳሰሳ ብቻ ነበር። ሐኪሙ የግራ ጣቱን በሕፃኑ አፍ ከትቶ ኤፒግሎቲሱን ያነሣል፤ በቀኙ ቱቦውን በጣቱ ጎን አንሸራትቶ ያስገባል። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የዲፍቴሪያ ሴረም ሲመጣ የቱቦው አስፈላጊነት እየቀነሰ ሄደ። የኦድዋየር ትዕግሥት ግን በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ የላቀ ነው።

በዚያው ዘመን በግላስጎው ዊልያም ማክዩን የተባለ ቀዶ ሐኪም በሌላ በር መጣ። በ1878 ከምላስ ሥር ዕጢ የሚወጣለት ሰው ነበረው። ደም ወደ ሳንባ እንዳይወርድ አንገትን መክፈት የተለመደ ሲሆን፣ ማክዩን ግን አስቀድሞ በሬሳ ላይ ተለማምዶ፣ በሽተኛው ነቅቶ ሳለ ቱቦ በአፉ አስገባና በቱቦው በኩል ክሎሮፎርም ሰጠው። በ1880 ባሳተመው ጊዜ ብዙም ሰሚ አላገኘም። ማንቁርትን በቀጥታ በዓይን ማየት የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1895 በርሊን ላይ አልፍሬድ ኪርሽታይን የመጀመሪያውን ቀጥተኛ ላሪንጎስኮፒ አደረገ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ በሲድከፕ ሆስፒታል ፊታቸው የተቆረሰ ወታደሮች ሲጠገኑ፣ ኢቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦተም ቱቦን የሰመመን ዕለታዊ መሣሪያ አደረጉት። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጭምብል የሚያርፍበት ፊት አልነበረም። እስከ ዛሬ ከየክፍላችን የማይጠፋውን ጠማማ ምላጭ ሮበርት ማኪንቶሽ ኦክስፎርድ ሆኖ ያስተዋወቀው በ1943 ነው።

ያለ መሣሪያ የሚደረገው እርምጃ ታሪክ ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ አዲስ ነው። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት መግፋት በ1870ዎቹ በኖርዌያዊው ሃይበርግና በጀርመናዊው ኤስማርክ ተጽፏል። ሆኖም ለሰመጠና ለታፈነ ሰው እስከ 1950ዎቹ ድረስ በይፋ የሚሰጠው ትምህርት ጀርባን መጫንና ክንድን ማንሣት ነበር። በባልቲሞር ፒተር ሳፋር ይህንን የፈተነው ፈቃደኛ ሰዎችን ጡንቻቸውን በሚያላላ መድኃኒት አዝሎ በማስተኛት ነው። ጭንቅላት ካልተቃና ክንድ ቢነሣም ሆነ ደረት ቢጫን አየር እንደማይገባ፣ ጭንቅላት ሲቃናና በአፍ ሲነፋ ግን እንደሚገባ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳየ። ዛሬ «ሀ» ብለን የምንጀምርበት ፊደል መሠረቱ ይህ ሙከራ ነው። በ1952 የኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜም የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ትራኪዮስቶሚን ከእጅ መተንፈሻ ከረጢት ጋር አጣምሮ፣ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢቱን እየጨመቁ ሕሙማኑን ለሳምንታት አስተንፍሰዋቸዋል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልደት ከዚህ ይቆጠራል። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አናስፋፋውም።

ለተፈታኙ ይበልጥ የሚያስፈልገው ክሪኮይድን የመጫን ነገር ነው። በ1946 ኒውዮርክ ላይ ከርቲስ ሜንደልሰን ከ1932 እስከ 1945 በአንድ ሆስፒታል የነበሩ 44,016 እናቶችን መዝገብ መርምሮ፣ በ66ቱ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ መግባቱን ጻፈ። ሁለቱ ሞቱ፤ የሞቱትም በአሲዱ ሳይሆን ጠጣር ምግብ አፍኗቸው ነበር። ከዚህ በኋላ «ሙሉ ጨጓራ» የሰመመን ሐኪሞች ሁሉ ፍርሃት ሆነ። በ1961 በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል የሚሠራው ብራያን ሴሊክ መፍትሔ አቀረበ። ክሪኮይድ ሙሉ ቀለበት ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ሲጫን የምግብ ቧንቧውን በአንገት አከርካሪ ላይ አጣብቆ ይዘጋዋል የሚል ነው። በመጀመሪያ በሬሳ ላይ ጨጓራን በውሃ ሞልቶ ሞከረ። ቀጥሎ በ26 ከፍተኛ ሥጋት ባለባቸው ሕሙማን ላይ ተጠቀመበት። በ23ቱ ምንም ነገር ወደ ጉሮሮ አልተመለሰም። በሦስቱ ቱቦው ገብቶ ጫናው ሲለቀቅ ወዲያው ፈሳሽ ወደ ላይ መጣ፤ ሴሊክም ይህንን ጫናው ሲሠራ እንደነበር ማስረጃ አድርጎ ቆጠረው።

እንግዲህ ማስረጃው ይኸው ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ የተጫነውም ኃይል አልተለካም። ሐሳቡ ግን ውብና ቀላል ነበር፤ ምንም ወጪ የለውም፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር። በ1970 ስቴፕትና ሳፋር አስቀድሞ ኦክሲጅን መስጠትን፣ ታዮፔንታልንና ሰክሲኒልኮሊንን፣ የሴሊክን ጫና አቀናጅተው በዐሥራ አምስት እርምጃዎች ጻፉት። ዛሬ ፈጣን ኢንትዩቤሽን የምንለው ሥርዓት በዚህ መልክ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ፈተና ያለ ክሪኮይድ ጫና አያልፍም ነበር።

ጥርጣሬው ዘግይቶ መጣ። በ2003 የታተመ የኤም አር አይ ጥናት የምግብ ቧንቧው በብዙ ጤነኛ ሰዎች ከቀለበቱ በትክክል ኋላ እንዳልሆነ፣ ሲጫንም ይበልጥ ወደ ጎን እንደሚሸሽ አሳየ። ሌሎች ደግሞ የሚዘጋው የምግብ ቧንቧው ሳይሆን ከበላዩ ያለው የጉሮሮ ክፍል ስለሆነ መሸሹ ችግር የለውም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ በፈረንሳይ በዐሥር ማዕከላት 3,472 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ለግማሾቹ እውነተኛ ጫና፣ ለግማሾቹ የማስመሰል ጫና ተደረገ፤ ውጤቱም በ2018 መጨረሻ ወጣ። የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ የገባው በመጀመሪያው ቡድን 0.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 0.5 በመቶ ነበር። በሌላ በኩል እውነተኛ ጫና የተደረገላቸው ማንቁርታቸው በደንብ አልታየም፤ ኢንትዩቤሽኑም ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ። ጥናቱ በስታቲስቲክስ አነጋገር የማስመሰሉ ጫና ከእውነተኛው የማያንስ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ክስተቱ ከታሰበው በላይ ጥቂት ስለነበረ ነው። በተጨማሪም በቀዶ ጥገና ክፍል የተደረገ እንጂ የድንገተኛ ክፍልን ሕሙማን የሚወክል አልነበረም። ስለዚህ ተፈታኙ «ክሪኮይድ ጫና ይደረጋል ወይስ አይደረግም?» ሲባል ከሁለት አንዱን ብቻ ቢመልስ፣ ታሪኩን እንደማያውቅ ያሳብቃል። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ጫናው ማንቁርትን ከሸፈነ ወይም ማስተንፈስን ከከለከለ ይለቀቃል።

ከዚህ በተቃራኒ ለክርክር የማይመች እርምጃ አለ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ነው። ቱቦው በምግብ ቧንቧ ውስጥ መግባቱ በራሱ አይገድልም፤ የሚገድለው አለመታወቁ ነው። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር የተዘጉ የካሳ መዝገቦችን መርምሮ በ1990 ባወጣው ዘገባ፣ ከመተንፈስ ጋር ከተያያዙት አደጋዎች ዋና ዋናዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። በበርካታ መዝገቦች ሐኪሙ ደረቱን በስቴቶስኮፕ አዳምጦ ድምፅ ሰምቻለሁ ብሎ ጽፏል። ጆሮ የሚፈልገውን ይሰማል። በእንግሊዝ በመላ አገሪቱ ለአንድ ዓመት የተደረገና በ2011 የወጣ ትልቅ ቆጠራም በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከደረሱት የሞት አደጋዎች በአብዛኛው የዚህ መለኪያ አለመኖር ድርሻ እንደነበረው አገኘ። መለኪያው በማይገኝበት የወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ባልደረባ ይህንን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ርካሹ ቀለም ቀያሪ ዓይነት እንኳ በመጋዘን ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ መጠየቅ ከብዙ ውድ ዕቃ በፊት የሚቀድም ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው እርምጃ እንምጣ። በታይሮይድና በክሪኮይድ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ከቆዳ ሥር ቅርብ ነው፤ ትላልቅ የደም ሥሮች ይርቁታል፤ ከሁሉ በላይ ለጣት ግልጽ ነው። ታዲያ ይህ ቦታ ለምን ለብዙ ጊዜ ተተወ? መልሱ ያለው በአንድ ሰው ስም ላይ ነው። ሼቫሊየር ጃክሰን በፊላደልፊያ የማንቁርትና የአየር ቧንቧ ሕክምና አባት ተብሎ የተከበረ ሐኪም ነበር። ከሰው ጉሮሮና ሳንባ ያወጣቸው ከ2,000 በላይ ባዕድ ነገሮች፣ ቁልፍና መርፌ፣ ሳንቲምና አሻንጉሊት፣ እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ ሙዚየም ተደርድረው ይታያሉ። ሕፃናት የሚውጡት የልብስ ማጠቢያ ኬሚካል ጠርሙስ ላይ የመርዝ ምልክት እንዲለጠፍ ተሟግቶ በ1927 ሕግ ያስወጣም እሱ ነው። ይህ ሰው በ1921 ወደ 200 የሚጠጉ ማንቁርታቸው ጠብቦ ወደ እሱ የተላኩ ሕሙማንን መርምሮ፣ ለአብዛኞቹ ምክንያቱ ከፍ ብሎ የተደረገ ትራኪዮስቶሚ መሆኑን ጻፈ። ክሪኮይድንና አካባቢውን መቁረጥ ከእንግዲህ መማር የለበትም አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ታዘዙት።

ጃክሰን ያየው ጉዳት እውነት ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ተቀላቅለውበታል። ብዙዎቹ ሕሙማን አስቀድሞ በዲፍቴሪያና በመሰል በሽታ ማንቁርታቸው የቆሰለ ነበር። «ከፍ ያለ» የተባለው ቀዶ ጥገናም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ቀለበቱ ራሱ የተሰነጠቀበት፣ ሻካራ የብረት ቱቦ ለረጅም ጊዜ የቆየበት ይገኝበታል። ከሁሉ በላይ ወደ ጃክሰን የሚመጡት የተጎዱት ብቻ ናቸው፤ ድነው ወደ ቤታቸው የሄዱት ቆጠራው ውስጥ የሉም። ተፈታኞች በኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት የምርጫ መዛባት ብለው የሚያጠኑት ስሕተት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም። ያም ሆኖ እገዳው እስከ 1976 ጸና።

በዚያ ዓመት በዴንቨር ብራንቲጋንና ግሮው የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች 655 ሕሙማን ላይ ክሪኮታይሮይዶቶሚ ማድረጋቸውን አሳተሙ። ያነሣሣቸው ድንገተኛ ሁኔታ አልነበረም። የልብ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሕሙማን በደረት ላይ ካለው ቁስል የራቀ የአየር መግቢያ ፈልገው ነበር። በጠቅላላ 6.1 በመቶ በሚሆኑት ችግር ደረሰ፤ ጃክሰን የፈራው ሥር የሰደደ የማንቁርት ሥር ጥበት ግን አንድም አላዩም። ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ተቃውሞ ገጠመው፤ በኋላ የመጡ ዘገባዎችም ማንቁርታቸው አስቀድሞ በተቆጣ ሕሙማን ጥበቱ በእርግጥ እንደሚከሰት አሳይተዋል። ለድንገተኛ ጊዜ ግን በሩ ዳግመኛ ተከፈተ።

መከፈቱ ብቻውን አልበቃም። በ2005 በእንግሊዝ አንዲት የ37 ዓመት እናት ለቀላል የአፍንጫ ውስጥ ቀዶ ጥገና ሰመመን ተሰጥቷት፣ አየር ማስገባትም ቱቦ ማስገባትም አልተቻለም። በክፍሉ ልምድ ያላቸው ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። ነርሶቹ የሆነውን ተረድተው ነበር፤ አንዷ የትራኪዮስቶሚ ዕቃ አምጥታ መቅረቡን ተናገረች፤ ሌላዋ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ደወለች። ሐኪሞቹ ግን ኢንትዩቤሽን መሞከራቸውን ቀጠሉ። ሴትየዋ ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። ባለቤቷ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። የሚከሰስ ሰው አልፈለገም፤ በሙያው እንደተለመደው የሆነው ነገር በነጻ ወገን እንዲመረመርና ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ጠየቀ። ምርመራው ያሳየው የዕውቀት ጉድለት አይደለም። የክሪኮታይሮይድ ሽፋን የት እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ። የጠፋው የጊዜ ስሜት፣ ማን መሪ እንደሆነ ማወቅና «አልተሳካም» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ነው። ታሪኩ በሰፊው ከታወቀ ወዲህ በብዙ አገር የሰመመን ሥልጠና ውስጥ ገብቷል። በእኔ አስተያየት የነርሶቹን ድርሻ አጉልቶ ማስተማር ይገባል፤ በእኛ ሆስፒታሎች ሲኒየር ሐኪም እየሞከረ ሳለ «ዕቃው ቀርቧል» ብሎ መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የምናውቀው ነውና።

ከላይ የጠቀስነው የ2011 ቆጠራ ሌላም ነገር አጋልጧል። በድንገተኛ ጊዜ በመርፌና በቀጭን ቱቦ በአንገት ለመግባት ከተደረጉት ሙከራዎች ስድሳ በመቶ ያህሉ ከሽፈዋል፤ በምላጭ የተደረጉት ግን በአብዛኛው ተሳክተዋል። ከዚያ በፊት የሰመመን ሐኪሞች መርፌን የሚመርጡት ስለሚያውቁት ነበር፤ ምላጭ የቀዶ ሐኪም ዕቃ ነው ይባል ነበር። የእንግሊዙ የአስቸጋሪ አየር መተላለፊያ ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ ይህንን ቀየረ። የሚያስፈልጉት ሦስት ዕቃዎች ናቸው፤ 10 ቁጥር ምላጭ፣ ቡዢ፣ ካፍ ያለው 6.0 ሚሊ ሜትር ቱቦ። ቡዢው ራሱ የድሮ ሰው ነው፤ ማኪንቶሽ በ1949 በሽንት ቧንቧ ሕክምና ከሚያገለግል የጎማ ዘንግ ወስዶ ለኢንትዩቤሽን ያዋለው ነው። ሽፋኑ በጣት ከተገኘ ምላጩ አግድም ይገባል፣ ስለቱ ወደ እግር በኩል ይዞራል፣ ቡዢው በምላጩ ጎን ይንሸራተታል፣ ቱቦው በቡዢው ላይ ይከተላል። አንገቱ ወፍሮ ወይም አብጦ ካልተዳሰሰ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁመታዊ ቁርጥ በመሐል መስመር ላይ ተደርጎ፣ በጣቶች ሥጋው ተገልጦ ማንቁርቱ ይፈለጋል። ደም ይፈሳል፤ የሚፈለገው በዓይን ሳይሆን በጣት ነው፤ ኦድዋየር በሕፃናት አፍ ውስጥ እንዳደረገው ማለት ነው።

በሽተኛው ከተረፈ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ቱቦው እዚያው ይቆይ ወይስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝቅ ተብሎ ወደ ትራኪዮስቶሚ ይዛወር? የተለመደው ምክር ከሦስት ቀን በላይ አታቆዩት የሚል ነው፤ ከጀርባው ያለው ማስረጃ ግን ስስ ነው። በአብዛኛው የጃክሰን ጥላ ነው፤ ሆኖም ማንቁርቱ አስቀድሞ የተቆጣ በሽተኛ ላይ የጃክሰን ጥላ ዛሬም መከበር ያለበት ይመስለኛል።